የሸምሶ አውሮፕላን

ሚኒባሱ አገናን ለቆ ዳገቱን ሲይዝ ሾፌሩ ማርሽ ቀየረ፤ ጣሪያው ላይ የታሰረው የቡላ ከረጢት ወደ ኋላ ተንሸራቶ ዷ ሲል ተሳፋሪው ሁሉ አንድ ላይ ቀና አለ። ኪዱ ብቻ ቀና አላለም። ከኋላ ወንበር መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ስልኩን በሁለት እጁ ይዟል። ከወልቂጤ ጀምሮ የሚያየው አንድ ፎቶ ነው።

«ተወው፤ አይጠፋም» አለው አጠገቡ የተቀመጠው ራምዚ። «ይሄን ሁሉ ዓመት ያልበረረ ቡታጅራ እስክንደርስ አይበርም።»

«አያትህ ፊት ምን ብዬ እንደምጀምር ነው የማስበው።»

«እንደ ሐኪም ጀምር። ጉሮሮህን ጥረግ፤ መነጽርህን አውልቅ፤ ከዚያ ወደ እኔ አመልክትና ውጣ።»

«መነጽር የለኝም።»

«ለዚህማ ነው የምትቸገረው።»

ኪዱ ሳቅ አለ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። ምህንድስና ተምሮ ወልቂጤ ውስጥ በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ያስተምራል። ራምዚ ደግሞ ኪዱ ከተከራየው ክፍል ሥር የሞባይል መጠገኛ ሱቅ አለው። ጓደኝነታቸው የጀመረው በተሰነጠቀ ስክሪን ነው፤ የጸናው ግን በአውሮፕላን ነው። ኪዱ እርስ በርስ ተያይተው የማያውቁ ሰዎች በሚገናኙበት አንድ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ነበር። አንዱ ማንነቱ ያልታወቀ አውሮፕላን ፎቶ ይለጥፋል፤ ሌሎቹ ምን እንደሆነ ይፈልጋሉ። የሚፈልጉት ሰው ሁሉ የሚያውቀውን የመንገደኛ አውሮፕላን አይደለም። ለሙከራ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ተሠርቶ የተተወውን፣ ሠሪዎቹ ራሳቸው የረሱትን ነው። ደንብ አላቸው፤ ስሙን ከመጥራትህ በፊት ምን እንዳልሆነ ተናገር። ጭራውን እይ፣ ሞተሩን እይ፣ እግሩን እይ፤ ቀለሙን ግን መጨረሻ ላይ እይ፤ ቀለም ይዋሻልና።

ከሁለት ወር በፊት ራምዚ አያቱ ሀሊሜ ያኖሩትን ፎቶ በስልኩ አንስቶ አመጣለት። ባለ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው። የካኪ ልብስ የለበሰ ወጣት ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን በር አጠገብ ቆሞ ቀኝ እጁን ከፍ አድርጓል። ሰውየው የሀሊሜ ባል ሸምሶ ነው። በ1969 ዓ.ም. የእናት አገር ጥሪ ሲታወጅ ሚሊሺያ ሆኖ ሄደ፤ አልተመለሰም። በጥቂት ወራት ውስጥ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር መጥቶ «ጓድ ሸምሶ በምሥራቅ ግንባር ተሰውቷል» አለ። ሀሊሜ ለቅሶ ተቀመጡ። ለቅሶው ሳያልቅ ይህ ፎቶ ደረሰ።

አውሮፕላኑ ቡድኑን ለሳምንታት አነታረከ። አፍንጫው እንደ ቦምብ ጣይ መስታወት ነው፤ መስኮቶቹ ግን ክብ፣ የመንገደኛ ናቸው። የግራው ፕሮፔለር ባለ ሦስት ምላጭ፣ የቀኙ ባለ አራት። በመጨረሻ አንድ ጡረታ የወጣ ብራዚላዊ መካኒክ እንቆቅልሹን ፈታሁ አለ። አዲስ ሞተር ሲሞከር በአንድ ወገን አሮጌውን፣ በሌላው አዲሱን ያስራሉ፤ ስለዚህ ይህ የሙከራ አውሮፕላን ነው። በሩቅ አገር አንድ ብቻ ተሠርቶ፣ ጥቂት ዓመት በርሮ፣ ከዚያች አገር ሳይወጣ ለብረት ተቆራረጠ። ሌሎቹም ተስማሙ።

ፍርዱ ለኪዱ ግልጽ ነበር። አውሮፕላኑ ከዚያ አገር ካልወጣ፣ በሩ ላይ የቆመው ሰው እዚያ አገር ነበር ማለት ነው። አልሞተም፤ ሄዷል። ያረገዘች ሚስቱን ትቶ።

የዘቢዳርን ተራራ አልፈው ቁልቁለቱን ሲወርዱ ራምዚ መቀለድ ተወ። «ልቧ ደክሟል» አለ። «አታት ሆስፒታል ሁለት ጊዜ ወስጃታለሁ። እሷ ግን ስለ ልቧ አትጠይቀኝም። ‹ያ ልጅ አወቀ ወይ?› ነው የምትለኝ።»

ሀሊሜ ከቡታጅራ አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ፣ ጓሮው እንሰት በሆነ ቆርቆሮ ቤት ይኖራሉ። ግድግዳ ተደግፈው፣ ያበጡ እግሮቻቸውን ትራስ ላይ ዘርግተው ነበር።

«አሰላሙ አለይኩም፣ እማዬ!»

«ወአለይኩም ሰላም። ይሄ ነው የአውሮፕላኑ ልጅ?» ኪዱን ከላይ እስከ ታች አዩት። «ቀጭን ነው። ወልቂጤ ምግብ ጠፋ እንዴ?»

«እንደምን ዋሉ እማማ» አለ ኪዱ ጎንበስ ብሎ።

«ዋልኩ እንጂ። አውሮፕላን እያየህ ከሆነ የምትውል፣ ምን ልትወፍር!»

ቆጮና አይብ ቀረበ። ሀሊሜ እንግዳው እስኪበላ የፎቶውን ወሬ አላስነኩም፤ ሁለቴ ሊጀምር ሲል ሁለቴ «ብላ» አሉት። እጁን ሲታጠብ ከራስጌያቸው ከእንጨት ሣጥን ውስጥ በሻሽ የተጠቀለለ ነገር አስወጡ። ፍሬሙ ሰፊ፣ መስታወቱ ጥግ ላይ የተሰነጠቀ ነው።

«ይሄን ከሟቹ ወንድሜና ከአንድ ወታደር በቀር ማንም አላየውም። ራምዚም ያየው ዘንድሮ ነው። አባቱ አብዱልሃፊዝ ያኔ ሆዴ ውስጥ ነበር፤ አድጎ ሲጠይቀኝም አላሳየሁትም። የከዳ አባት ከሚኖረው የሞተ አባት ይሻለዋል ብዬ።»

«ወታደሩ ማን ነበር?» አለ ኪዱ።

«ሃምሳ አለቃ ዘመድኩን። ደብረ ዘይት አውሮፕላን የሚጠግን፣ ለፈቃድ የመጣ፣ ጨዋ ሰው። ፎቶውን እያገላበጠ አይቶ አይቶ ‹እህቴ፣ እንዲህ ያለ አውሮፕላን በአገራችን የለም› አለኝ። በአገራችን ከሌለ ሰውየውም በአገራችን የለም። ደግሞ እጁን ተመልከት። ደህና ሁኚ እያለኝ ነው። እኔ የባል ሐዘን፣ ኢዳ ተቀምጬ፣ ጸጉሬን ሳልቀባ፣ ከደጅ ሳልወጣ ስለ እሱ አለቅሳለሁ፤ እሱ ከአውሮፕላን በር ላይ እጁን ያወዛውዝልኛል!»

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

«ተነሣሁ። ኢዳዬን በግማሽ አቋርጬ ገበያ ወጣሁ። ሰው አበደች አለ፤ ሌላ ባል አይታ ነው ያለም ነበር። ምን ልበላቸው? ባሌ ጥሎኝ በረረ ልበል? ለማንም አልመለስኩም። ከዚያ ወዲያም ለቅሶ ቤት አልገባሁም። ለራሴ ያላለቀስኩ ሰው ቤት ገብቼ ምን ላደርግ?»

ትንፋሽ አጠራቸው። ራምዚ ውሃ ሰጣቸው። ከጠጡ በኋላ ድምፃቸው ዝግ አለ።

«አሁን መሄጃዬ ነው፤ አትዋሹኝ። በእኛ ደንብ ሰው ሲሞት ሐቅ ያለው፣ የተበደለ ሁሉ አውፍ ይላል፤ ይቅር ይላል። ሟች መጠየቅ ስለማይችል ሳይጠይቅ ይባላል። በሕይወት ያለ ግን ራሱ መጥቶ ይጠይቅ። ሸምሶ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ሳላውቅ አረጀሁ። የሞተ ከሆነ ሐቄን ይዤበት መቃብር አልገባም። ካልሞተ ደግሞ... ምን ብዬ አውፍ እለዋለሁ!»

ኪዱ ራምዚን አየ። ራምዚ ወደ መሬት አየ።

መልሱ ምላሱ ላይ ነበር። ቢናገረው ኖሮ ማንም አይወቅሰውም፤ ብዙ ሰው የተስማማበት ነው። ግን ራምዚ ያመጣለት ከመስታወት በላይ የተነሣ ፎቶ ነበር፤ መሐሉ ላይ የመብራት ነጸብራቅ ወድቆበታል። ዋናውን ሳያዩ መፍረድ ከደንቡ ውጭ ነው።

«እማማ፣ ከፍሬሙ ላወጣው?»

«አውጣው። ግን እንዳትቀደው፤ ብጠላውም የእኔ ነው።»

ራምዚ ከኪሱ የሞባይል መፍቻ አውጥቶ ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ነቀለ። ኪዱ ፎቶውን በጫፉ ይዞ ወደ በሩ ብርሃን ሄደ። እንደ ልማዱ ከጭራው ጀመረ፤ ወደ ክንፉ፣ ወደ ሞተሩ አለፈ። ከዚያ እስከ ዛሬ አይቶት የማያውቀውን ነገር አየ፤ ሰውየውን። በቡድኑ ውስጥ ማንም ስለ ሰውየው የተናገረ የለም። ሁሉም ያየው አውሮፕላኑን ነበር።

ፀሐይ ከፎቶ አንሺው ጀርባ ስለነበረች የሸምሶ ጥላ ወደ ኋላ ወድቋል። ጥላው ከበሩ ጎን የአውሮፕላኑን ገላ ተከትሎ ይወጣል፤ ይህ የሚያስገርም አይደለም። ግን ከገላው ያልፋል። የትከሻው ጥላ፣ የራሱ ጥላ፣ የተነሣው እጁ ጥላ፣ ከአውሮፕላኑ በላይ፣ ደመናው ላይ አርፏል።

«ራምዚ፣ ና እስቲ። ይሄ ምንድን ነው?»

«ጥላ ነዋ።»

«የት ላይ ነው?»

«ደመናው ላይ» አለ ራምዚ። ከዚያ አንገቱን አቀና። «ቆይ... ሰው ደመና ላይ ጥላ ይጥላል እንዴ?»

ኪዱ ጣቱን ወደ ፎቶው ግርጌ ወሰደ። ፍሬሙ ሸፍኖት የነበረው ጠርዝ ከሌላው ቦታ ነጣ ብሏል። እዚያ ሸምሶ በሸራ ጫማ ሣር ላይ ቆሟል፤ ከኋላው የአውሮፕላኑ ጎማ በታጠፈ ጨርቅ ያልቃል። ጨርቁ ንፋስ እንዳያነሣው ድንጋይ ተጭኖበታል።

ኪዱ ተመልሶ ሀሊሜ አጠገብ ቁጭ አለ። ጉሮሮውን አልጠረገም።

«እማማ፣ ሃምሳ አለቃው ልክ ነበሩ። ይህ አውሮፕላን በአገራችን የለም። በሌላ አገርም የለም። ሥዕል ነው፤ ሸራ ላይ የተሳለ። ሠዓሊው ከየአውሮፕላኑ ደስ ያለውን እየወሰደ የሳለው ይመስለኛል።»

ሀሊሜ ፎቶውን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አቀረቡ፣ አራቁ። ጥላውን በጣቱ አሳያቸው፤ ድንጋዩን አሳያቸው። ብዙ ጊዜ አዩ። ደስ ይላቸዋል ብሎ የጠበቀው ራምዚ ፊታቸው ሲጠቁር ደነገጠ።

«ጨርቅ ነው ያስኮረፈኝ?» አሉ። «ለጨርቅ ነው የታሰርኩት?»

«እኛንም ሸውዶናል እማማ» አለ ኪዱ። «ስንት አዋቂ ተሰብስቦ ስም ሰጥቶታል። እኔም ያን ስም ይዤ ነበር የመጣሁት።»

«እሺ፤ ጨርቅ ይሁን። የት ነው የተነሣው? መቼ? ለቅሶ ተቀምጬ እያለ አይደለም ወይ የደረሰኝ? ያመጣልኝ የመርካቶ ነጋዴ ‹ወደ ቡታጅራ የሚሄድ ሰው አጥቼ መሳቢያዬ ውስጥ ከርሞ ነው› አለኝ፤ እየሸፈነለት ነው ብዬ አላመንኩትም። ከጦርነቱ በኋላ የሆነ ከተማ ቁጭ ብሎ ተነሥቶትስ ቢሆን?»

ጥያቄው ትክክል ነበር። ኪዱ መልስ ሊፈጥር አልፈለገም።

«ይህን አላውቅም» አለ። «አንድ ነገር ግን አለ። ይህን የሚያህል ሸራ ለአንድ ሰው ተብሎ አይሳልም። ብዙ ሰው ተነሥቶበታል። ከዚህ አካባቢ አብሮት የሄደ ሰው ካለ፣ በአንዱ ቤት ተመሳሳዩ ይኖራል። የተነሣበት ቀን የሚታወቅ ካገኘን ማነጻጸር እንችላለን።»

ሀሊሜ ሻሹን በጉልበታቸው ላይ አጣጠፉ፣ ፈቱት። ከአጥር ባሻገር በርበሬ ያሰጣች አንዲት ሴት ዶሮ ስታባርር ይሰማል።

«ይህቺ ጎረቤቴ ዘይባ ወንድም ነበራት» አሉ በመጨረሻ፤ ወደ አጥሩ ሳያዩ። «ሸረፋ። ከሸምሶ ጋር ነው የሄደው። እሱም እዚያው ቀረ።»

«አጥር ለአጥር ናችሁ አይደል? ፎቶ አላት?» አለ ራምዚ።

«ምን አውቄ። ቤቷ ገብቼ አላውቅም።»

ራምዚ ሄዶ ብዙም ሳይቆይ ጆሮውን እያከከ ተመለሰ። «አለኝ አለች፤ አውሮፕላን ያለበት። አውሺን ስላት ግን...»

«ምን አለች?»

«እንዳለችው ልንገርሽ? ‹የወንድሜ ፎቶ ከግድግዳዬ አይወርድም። ለቅሶው ላይ ብትመጣ ያኔ ታየው ነበር። አሁንም በሩ ክፍት ነው፤ እግሯ ካልተሰበረ› አለች።»

ራምዚ ቁጣ ጠብቆ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ሀሊሜ ግን አልተቆጡም። «እግሬማ ሊሰበር ምንም አልቀረው» አሉና እጃቸውን ዘረጉ። «አንሡኝ።»

ከቤት እስከ ቤት ያለው መንገድ ጥቂት እርምጃ ብቻ ነው፤ ሀሊሜ ግን ሁለት ጊዜ ቆሙ። አንድ ጊዜ ለትንፋሽ ነበር። ሁለተኛው ዘይባ በር ላይ ነበር፤ እዚያ የቆሙት ለትንፋሽ አይመስልም።

ዘይባ በዕድሜ ጥቂት ያንሳሉ፤ ቀጥ ያሉ ጎረምሳ የሚመስሉ አሮጊት ናቸው። እጃቸው እስከ ክርናቸው በርበሬ ነክቶታል።

«ግቢ እቴ ሀሊሜ» አሉ። «ጫማሽን አታውልቂ፤ ስታጎነብሺ ብትወድቂ ደግሞ ገደለቻት ይሉኛል።»

ፎቶው በሩን ሲገቡ ፊት ለፊት ነው። ኪዱ ቀርቦ ማየት አላስፈለገውም። የመስታወቱ አፍንጫ፣ ክብ መስኮቶቹ፣ ሦስት ምላጭና አራት ምላጭ። በሩ አጠገብ ሌላ ወጣት፣ በተመሳሳይ ካኪ። ቀኝ እጁን ከፍ አድርጓል።

«እጁን» አሉ ሀሊሜ። «እጁን ለምን አነሣ?»

«ፎቶ አንሺው ነዋ!» አሉ ዘይባ። «ሸረፋ ለስንብት መጥቶ አንድ ሌሊት ሲያድር አውርቶን ነበር። ማሰልጠኛ ጣቢያው ውስጥ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ሸራ ሰቅሎ፣ የሚሰለፈውን ሁሉ ‹እጅ ወደ ላይ! በረርክ!› እያለ ያነሣቸዋል። የእኛ ልጅ እንኳን አውሮፕላን ላይ በቅሎ ላይም ተቀምጦ አያውቅ። እንዴት ስቀን ነበር! ፎቶውን ትቶልን በማግሥቱ ሄደ። በዓመቱ ሞቱን ሰማን።»

ሀሊሜ ወንበሩን ይዘው ቆሙ። ኪዱ የሸምሶን ፎቶ ከግድግዳው ጎን ለጎን ያዘና ከጭራ ጀመረ። ሥራውን አልዘለለም፤ በዚህ ቤት መገመት ተገቢ መስሎ አልታየውም።

«እማማ፣ ይህን ይዩ። በሸረፋ ፎቶ ላይ ጭራው ሥር ሸራው ተቀዶ በእራፊ ተጥፏል፤ እራፊው ቀለም ስላልተቀባ ነጭ ሆኖ ይታያል። በሸምሶ ፎቶ ላይ ያው ቦታ ደህና ነው። ገና አልተቀደደም።»

«ምን ማለት ነው?»

«ሸምሶ የተነሣው ከሸረፋ በፊት ነው። ሸረፋ የተነሣው ደግሞ ገና ማሰልጠኛ እያሉ ነው። ሸምሶ እዚህ ላይ ወደ ግንባር እንኳን አልሄደም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ፎቶው አይነግረንም። ግን በዚህ ፎቶ ላይ የትም እየሄደ አይደለም።»

«ከዚያ በኋላ የሆነውንማ ሊቀመንበሩ ነግሮኝ ነበር» አሉ ሀሊሜ። «አላምንም ያልኩት እኔ ነኝ።»

ምንጣፉ ላይ፣ ለቀስተኛ በሚቀመጥበት በበሩ ወገን፣ በራምዚ ክንድ ተደግፈው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ራምዚ ወንበር ሊሰጣቸው ነበር፤ እምቢ አሉ።

«ዘይባ፣ በሸረፋ አላህ ሰብር ይስጥሽ። ዘገየሁ። አውፍ በይኝ።»

ዘይባ የበርበሬ እጃቸውን በጨርቅ ሲጠርጉ ቆዩ። «ወንድሜ ሲሞት መንደሩ በሙሉ ነው የመጣው። እኔ ግን የመጣውን አልቆጠርኩም፤ ያልመጣሽውን አንቺን ነበር የማየው። ይሄን ልንገርሽና ይውጣልኝ። በይ፣ አውፍ ብያለሁ።»

«አላህ ይቀበልሽ።»

 ኪዱ ኪሱ ውስጥ ስልኩ ሲነዝር ተሰማው፤ ብራዚላዊው መካኒክ ወይም ሌላ ሰው ይሆናል። አላወጣውም። ሀሊሜ የሸምሶን ፎቶ ከእጁ ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው በቋንቋቸው ረጅም ነገር ተናገሩት። ኪዱ የእነሱን አነጋገር በደንብ አይሰማም፤ ከመጨረሻው አንድ ቃል ብቻ ለየ። «አውፍ» የሚል ነበር። ከዚያ እንባቸው መጣ።

ዘይባ ይህን ሲያዩ ከተቀመጡበት ተነሡ።  ከመስቀያው ነጠላቸውን አውርደው ራሳቸው ላይ ጣል አደረጉና ከገዛ ቤታቸው ወጡ። ራምዚ ግራ ገባው። «ተቀየመች እንዴ?» አለ በሹክሹክታ። ኪዱም አላወቀም።

ከደጅ የእግር ኮቴ እስከ አጥሩ ሄደ፣ ተመለሰ፣ በሩ ላይ ቆመ።

«አሰላሙ አለይኩም» አለ የዘይባ ድምፅ፤ ከሩቅ እንደመጣ ሰው ዝግ ብሎ።

«ወአለይኩም ሰላም» አሉ ሀሊሜ።

ዘይባ ጫማቸውን ደፉ ላይ አውልቀው ገቡ፤ ጎንበስ ብለው ከሀሊሜ ፊት ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ።

«አሁን ሰማሁ» አሉ። «በሸምሶ አላህ ሰብር ይስጥሽ።»